ለእስስት የተሠራ የብረት በር

በልደታ ኮንዶሚኒየም ከእኔ የበለጠ ስለ ቤት አሠራር አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። ልጄ ሜሮን ከግቢው ዛፍ ላይ እስስት ይዛ ስትመጣ፣ ባለቤቴ «እስከ ማታ ቤት ካልተገኘላት ትሄዳለች» ብላ ፈረደች። የልጄ ዓይን እንባ ሞላ። «እኔ አባትሽ እያለሁ?» አልኳት።

እስቲ ንገሩኝ፣ እኛ አዲስ አበቤዎች ቤት ስንሠራ መጀመሪያ የምናስበው ማንን ነው? ሌባን! ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሄጄ በሩ ጓጉንቸር ያለው፣ አናቱ ላይ ጦር የተደረደረበት የፍርግርግ ብረት ሳጥን አስበየድኩ። በያጁ «ጋሼ፣ አንበሳ ነው እንዴ የሚገባው?» ሲለኝ ኮራሁ።

ልጄ እስስቷን አስገባች። «ቆልፊ! ደግመሽ ቆልፊ!» አልኩ። እስስቷም ችሎት እንደሚገባ ዳኛ በእርጋታ እየተራመደች በብረቶቹ መሃል ወጣች።

«አባዬ፣ እሷ እኮ የምትፈልገው አየርና ቅጠል ነው» አለች ልጄ። በብረቱ ዙሪያ አሮጌ አጎበር ሰፋችበት፤ ቅጠላም ቅርንጫፍ አቆመችበት። መልሳ ስታስገባት እስስቷ ቅርንጫፉ ላይ ወጥታ አረንጓዴ ሆነች። ባለቤቴ አየት አደረገቻትና «በቃ ትቀመጥ» አለች።

ይህን ሁሉ የተከታተልኩት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ቆሜ ነው። እስስት እፈራለሁ።