የጤና ቡድኑ ፕሮፌሰርና የዓባይነህ ድመት

ጤና ቡድን ባለበት ሰፈር ሁሉ አንድ ፕሮፌሰር አይጠፋም። ኳስ አይችልም። አንዴ ሮጦ ሁለቴ ይቀመጣል። ሌላው ሰው ምን በልቶ፣ ምን ጠጥቶ፣ ስንት ሰዓት ተኝቶ መሮጥ እንዳለበት ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እናንተም ሰፈር አለ፤ ይኸው አሁን ፊቱ ድቅን አለባችሁ አይደል? የኛው የጌጃ ሰፈሩ ፍሰሐ ይባላል።

ክቡር ፕሮፌሰር ፍሰሐ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ በወጣ ማግስት ልጁ ስማርት ስልክ ገዛችለት፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሰላም አላገኘም። ጠዋት ቪዲዮ ያያል፣ ከሰዓት ያየውን ያስተምራል። ጉንፋን ይዞሃል? ዚንክ። ባትህ ተሸማቀቀ? ማግኒዚየም። ሚስትህ ተቆጣች? «ኦሜጋ ሦስት ስጣት፣ ነርቭ ያረጋጋል። ሳይንሱ ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል!»

ይህቺ «ሳይንሱ ቁልጭ አድርጎ» የምትባል ነገር ከአፉ አትጠፋም። ከአፉ ወጥታ የማታውቀው ደግሞ «አላውቅም» ናት። መንገድ የጠፋበት ሰው ሄዶበት የማያውቀውን ሰፈር ቢጠይቀው እንኳ በልበ ሙሉነት ወደ ግራ ይልከዋል።

ተከላካያችን ቱሉ አንድ እሁድ ከጨዋታ በፊት የሚጠጣ ቀይ ዱቄት ታዘዘለት። በጠጣ በጥቂት ደቂቃ ጆሮው ጋለ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ሜዳውን ብቻውን ይዞረው ጀመር። ኧረ አረፍ በል ብንለው ማን ሰምቶ! ዳኛው ጨዋታውን ሊያስጀምር ፊሽካ ሲነፋ ቱሉ ጎሉ ሥር ተዘርግቶ ነበር። «ዱቄቱ ሠርቷል፤ ሰዓቱን ነው የሳተው» አለ ፍሰሐ ሳያፍር።

በዓለም ላይ አንድ ጠላት አለው፤ በሶ። ከጨዋታ በኋላ በሶ በጥብጦ የሚጠጣ ሰው ካየ ደሙ ይፈላል። «የድሮ ሰው ሲሚንቶ! ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ መቼ ይገነባል?»

ይህ ሁሉ ሆኖ የሚሰማው ሰው ጥቂት ነው፤ ከፊቱ «እሺ ፕሮፌሰር» ብለን ከኋላው እንስቃለን። ከልቡ የሚሰማው አንድ ዓባይነህ ብቻ ነው። ዓባይነህ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ የቡድናችን በረኛና የፍሰሐ የልጅነት ጓደኛ ነው። ጉልበቱን ያመዋል። ጾም ሊገባ ሲል ፍሰሐ አንድ ትልቅ ጥቁር ዕቃ ሙሉ የፕሮቲን ዱቄት፣ ቸኮሌት ጣዕም ያለውን፣ ተሸክሞ ሱቁ ድረስ አመጣለት። «አንድ ማንኪያ ጠዋት፣ አንድ ማንኪያ ከጨዋታ በኋላ። ሌላ ጥያቄ የለም።»

ከዚያ ወዲህ ዓባይነህ እሁድ እሁድ ከጨዋታ በኋላ በሁላችን ፊት ጠርሙሱን እንቀጭቀጭ አድርጎ ይጠጣል፣ አፉን በጓንቱ ይጠርጋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎም «ፕሮፌሰር፣ ተባረክ! ጉልበቴ እኮ የኔ አልመስል አለኝ!» ይላል። ፍሰሐ በዚያች ቅጽበት አንገቱ ይረዝማል። ሳምንቱን ሙሉ የሚኖረው በዚያች ቃል ነው።

ሳይንሱ ያልደረሰበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዓባይነህ ድመት። ድሮ ከቅዳጅ ጨርቅ ክምር ላይ ንቅንቅ የማትል ሰነፍ ነበረች። አሁን አንገቷ ደንድኗል፣ ትከሻዋ ሰፍቷል፤ የሥጋ ቤቱን ውሻ እስከ አስፋልቱ ድረስ ስታባርረው ሰፈሩ ወጥቶ አይቷል። ፍሰሐ «ይቺ ድመት ምን ነካት?» ብሎ ቢጠይቅ ዓባይነህ ክሩን መርፌው ውስጥ እያስገባ «ዕድሜ ነው» አለው።

የሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ ነው ነገሩ የፈነዳው። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ቅመም የሚነግደው አጥቂያችን ጀይላን ልምምድ ላይ ጠጋ አለና፣ «ጋሼ ፍሰሐ፣ ያንን ለጋሽ ዓባይነህ የሰጡትን ለልጄ ለሀያት ብሰጣት ምን ይለኛል? ወተት ግን አይስማማትም፤ ሆዷን ይነፋታል» አለው።

«ምን ችግር አለው! ፕሮቲን እኮ ነው።»

«ከምንድን ነው የሚሠራው?»

ፍሰሐ ደረቱን ነፋ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ወተቱ አይብ ሲሆን ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ አለ። እሱን ያደርቁትና...»

«አጓት ነዋ!» ጀይላን ሳቀ። «እናቴ ለጥጃ የምትሰጠው አጓት!»

«አዎ፣ በእኛ አጓት ልንለው...» ሲል ፍሰሐ ዓባይነህ ትዝ አለው።

ነገሩን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም እኮ! ከቪዲዮ በፈረንጅኛ ሲማረው ፕሮቲን ነበር፤ በአማርኛ ሲሰማው ወተት ሆነ። ዓባይነህ ደግሞ በጾም ወተት በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ነው። ዘንድሮማ ሚስቱ ሠርካዲስ ዓይኗን ቀዶ ጥገና ልትደረግ ስለሆነ፣ ጾሙን እንከን ሳያገኘው ሊፈጽም ስለት ገብቷል። ይህን ሰው፣ ጾም ከገባ ጀምሮ ጠዋትና ከጨዋታ በኋላ፣ ፍሰሐ በገዛ እጁ ጾሙን ሲያስገድፈው ከርሟል!

ያን ቀን ፍሰሐ ለማንም ምክር አልሰጠም። ሄዶ «አላውቅም ነበር» ቢለው ከብቸኛ አማኙ ጋር ይቆራረጣል፤ ዝም ቢል ጓደኛው ዛሬም ነገም ስለቱን ያፈርሳል። በመጨረሻ የቆጡንም የባጡንም አሰበና አንድ ዘዴ መጣለት። ዱቄቱን በስውር ገልብጦ የጾም ነገር ይሞላበታል፤ ያለፈውን ግን ለንስሐ አባቱ ይናገራል። የጾም ሆኖ ቀለሙ ቸኮሌት የሚመስል ዱቄት ደግሞ በአገሩ አንድ ብቻ ነው። ፕሮፌሰራችን ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቶ፣ በሶ ገዛ።

ዓባይነህ ቅዳሴ በሄደበት ሰዓት ጠብቆ ሱቁ ገባ። ሰው የለም። ጥቁሩን ዕቃ ከመደርደሪያው አወረደ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተው። እንደገና አሸተተው። በጣቱ ነክቶ ቀመሰው።

በሶ ነው። ያውም በደንብ የተቆላ።

«አንተም በሶ ይዘህ መጣህ?» አለች ሠርካዲስ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ብላ፣ በእጁ ያለውን ፌስታል እያየች።

«ሠርካዲስ፣ ይሄ ነገር... ዱቄቱስ?»

«ያን ቀን አንተ ከወጣህ በኋላ ክዳኑን ሲከፍተው፣ ድመቷ ከጨርቁ ላይ ዘላ መጣች። ‹ይቺ ሰነፍ ለወተት ካልሆነ አትነሣም› አለና ተጠራጠረ። ለእሷ እየበጠበጠ ይሰጣታል፤ ለራሱ በሶ ሞላበት።»

ድመቷ በሩ ላይ ቆማ ፍሰሐን በንቀት አየችው።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም? በየእሁዱ ‹ተባረክ› የሚለኝስ?»

«ይከፋዋል አለኛ! ‹ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰው የሚጠይቀው በዚህ ብቻ ነው፤ እኔ አልቀማውም› አለኝ። በል እንዳትነግረው፣ በእመቤቴ!»

ፍሰሐ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። አላለቀሰም ልበል፤ መሀረቡን ግን ሲያወጣ ታይቷል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከተክለ ሃይማኖት ጤና ቡድን ጋር ተጫውተን እንደተለመደው ተሸነፍን። ዓባይነህ ጠርሙሱን አንቀጨቀጨ፣ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ። «ፕሮፌሰር፣ ተባረክ! ጉልበቴ እኮ...»

«እስቲ አቅምሰኝ» አለ ፍሰሐ።

የዓባይነህ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጠርሙሱን አቀበለው። ፍሰሐ ቀስ ብሎ፣ እያጣጣመ፣ እስከ ግማሹ ወረደበት።

«እሺ ፕሮፌሰር» አለ ቱሉ በአሽሙር፣ «ለመሆኑ ጉልበት የሚሰጠው ምኑ ነው?»

ፍሰሐ ጓደኛውን አየው።

«አላውቅም» አለ።

ጀይላን ደንግጦ «ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?» ብሎ ውሃ ሊያመጣ ተነሣ። ቱሉም በማሾፉ አፈረ። ያለ ሳይንስ የሚቀመጥ ፍሰሐን ከመካከላችን አንድም ሰው አይቶ አያውቅም፤ ባየንም ጊዜ ማናችንም አልወደድነውም።

ዓባይነህ ጎኑ መጥቶ ተቀመጠ። «ድመቷ ነገረችህ?» አለው በሹክሹክታ።

«ድመቷ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኛ ምኑም አልገባንም። ከዚያ ዓባይነህ ጠርሙሱን ወደ ላይ አነሣና ለሁላችን እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ «ታውቃለህ እንጂ! ይሄ በሶ ነው። ገብስ ውስጥ ምን አለ? ንገራቸው!» አለ።

ፍሰሐ ጉሮሮውን ጠረገ። ኮፍያውን አስተካከለ። «ገብስ ማለት...» ብሎ ጀመረ ቀስ ብሎ፤ «ሳይንሱ እንግዲህ ቁልጭ አድርጎ...»

«እሰይ!» አለ ቱሉ። ሁላችንም አቧራው ላይ ቁጭ ብለን እስኪጨርስ ሰማነው።