ለሦስት ሰው የምትበቃ መናፈሻ

ሰው ትልቅ ነገር ይወዳል። ፎቁን ሽቅብ ሲያይ ባርኔጣው ይወድቅበታል፤ ሰፊ አደባባይ ሲሻገር የራሱ ይመስል ደረቱን ይነፋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ደግሞ በደርግ ጊዜ ትልቅ ነገር መች ጠፋ? ሰልፉ ትልቅ፣ ስብሰባው ትልቅ፣ የመፈክሩ ሰሌዳ ከቤታችን የሚበልጥ። በዕድሜዬ እጄን በአፌ ያስጫነችኝ ግን ቦሌ ሚካኤል የነበረች፣ ሁለት ቁርበት ቢዘረጋባት የምትሞላ መናፈሻ ናት።

አይሳቁ። ሁለት መንገድ ሲገናኝ የተረፈች ባለሦስት ማዕዘን መሬት፣ አንድ ያረጀ ወይራ፣ ዙሪያውን ጽጌረዳ፣ ከዕቃ ሣጥን ጣውላ የተሠራ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ በቃ። ተካዩም ጠራጊውም ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃነት በጡረታ የወጡ። አንድ ልጃቸው ከዘመተ ወዲህ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ወንበሩ ሦስት ሰው ይይዛል። ቀና ሲሉ፣ ሊያርፍ የሚያዘቀዝቀው አውሮፕላን ሆዱ በቅጠሉ መካከል ይታያል፤ ያን ጊዜ ሦስቱም ዝም ይላሉ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም።

ወንበሩ ለሦስት፣ ፈላጊው ሠፈር ሙሉ። ታዲያ በቀበሌ ሱቅ ለስኳር እንደምናደርገው ድንጋያችንን ደርድረን ወደየጉዳያችን እንሄድ ነበር። ድንጋይ ተራ ይይዛል፤ አይሰለችም፣ አያማም። የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘነበች ድንጋይ ማንም የማይደፍረው ስባሪ የወፍጮ መጅ ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግን፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ «ቀበሌያችን የሕዝብ መናፈሻ አለው» ብለው ለበላያቸው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ላኩ። ስፋቷን አልጠቀሱም። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ላብ አጠመቃቸው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ሰውየው ይቺ መናፈሻ አይደለችም ካለ ወይራው ተቆርጦ የመፈክር ሰሌዳ ይተከልበታል፤ ከወዲሁ ይወቁት» አሏቸው።

ጋሽ ወልዴ መጥረጊያቸውን አንሥተው የተጠረገውን እንደገና ጠረጉ። አንጀቴን በሉት።

ተቆጣጣሪው እሑድ ረፋድ ላይ ፋይሉን በብብቱ ይዞ መጣ። መናፈሻዋን አላያትም፤ ያየው የድንጋዩን ሰልፍ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ሰልፍ አይቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ መጀመሪያ ይሰለፋል፣ ምን እንደሚሰጥ በኋላ ይጠየቃል። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ፈለገና ከመጨረሻው ኋላ አስቀመጠ።

«እናቴ፣ ዛሬ ምን መጣ?» አላቸው ወይዘሮ ዘነበችን።

«ጥላ» አሉት።

ሊቀመንበሩ እየሮጡ ደርሰው «ጓድ፣ እርስዎማ ተራ አይጠብቁም!» ቢሉት፣ «ድንጋዬን አስቀምጫለሁ እኮ» ብሎ እምቢ አለ። ተራው ደርሶ በእኔና በጋሽ ወልዴ መካከል ተቀመጠ። አውሮፕላኑ መጣ። ሰውየው አንገቱን ቀና አድርጎ አየው፤ ድምፁ ከጠፋም በኋላ ዓይኑን አላወረደም።

ከዚያ ሥራው ትዝ አለውና ፋይሉን ገለጠ። «ስፋቱ ስንት ነው፣ አባባ?»

ጋሽ ወልዴ የመጥረጊያቸውን እጀታ ጨበጡ። «ሰማዩንም ትቆጥራለህ?» አሉት።

ሰውየው ፋይሉን ዘጋ።

ምን ብሎ እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሰሌዳው ግን አልመጣም። በሳምንቱ እሑድ ያው ሰው ያለ ፋይል፣ በእግሩ፣ ከቤቱ የመረጣትን ለስላሳ ድንጋይ ታቅፎ መጣ። ጋሽ ወልዴ ድንጋይዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉትና ሄደው ከሁሉም ኋላ አስቀመጡለት።