ላብን አስቀድሞ የመተካት ንቅናቄ

መሥሪያ ቤቶች ሁሉ አንድ ቀን በታሪክ ፊት መቆማቸው አይቀርም። የኛው ሲቆም አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት አይኖረውም። ሌላው ዓለም ካላበው በኋላ ሲጠጣ፣ እኛ ገና ወደፊት የሚያልበንን ላብ አስቀድመን የተካን ሰዎች ነን። ይህን ስል የምኩራራ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። እኔ የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ፤ ማድነቅ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ያየሁትን አንድም ሳላስቀር አደንቃለሁ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ጋሼ ማኅተም ናቸው። ጋሼ ማኅተም የምንላቸው የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚውሉት። አመል ሆኖባቸው እንዳይመስላችሁ፤ የዋና ሥራ አስኪያጁ መመሪያ ነው። አንድ ጊዜ ማኅተሙ የት እንደገባ ጠፍቶ መሥሪያ ቤቱ ሲታመስ ስለዋለ፣ «ማኅተም ከያዡ አካል ለአፍታም አይለይም» ተብሎ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ምሳ ሲበሉም፣ እጃቸውን ሲታጠቡም ማኅተሙ ደረታቸው ላይ ነው። ከወንበራቸው ግን አይነሱም። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ወረቀቱን ይዘረጋል፣ ጧ ያደርጉበታል፣ ይሄዳል። ዕድሜያቸውን እንዲህ ተቀምጠው ፈጁት።

ሐኪማቸው ታዲያ ቁርጡን ነገራቸው። «ስኳርዎ ደጃፍ ላይ ነው። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ፣ ጣፋጭ የሚባል ነገር አይቅመሱ። እምቢ ካሉ መርፌ እንጀምራለን።» ጋሼ መርፌ የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ታላቅ እህታቸው በዚሁ በሽታ ዓይኗ ጠፍቶ፣ እስክትሞት ድረስ መርፌዋን ይወጓት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። እኔም የንግግር ረቂቅ ላሳይ እዚያው ነበርኩ።

«ጌታዬ፣ ከምሳ በኋላ ግቢውን ትንሽ ዞር ዞር ብል ብዬ ነበር። ሐኪም አዞኝ ነው።»

«ብቻዎን?»

«እግሬ አጃቢ አይፈልግም ጌታዬ።»

«ጋሼ፣ ይሄ የግል ጉዳይ አይደለም!» ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ይሄ ተቋማዊ ጉዳይ ነው!»

ጋሼ ነገር እንደተበላሸ የገባቸው ሰውየው ብድግ ሲሉ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ለትንሽ ነገር አይነሱም።

በሳምንቱ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። በኛ ቤት አንድ የታወቀ አሠራር አለ፤ ግብዓት ሳይሟላ ሥራ አይጀመርም። ለአካል ብቃት እንቅስቃሴ ምን ግብዓት ያስፈልጋል ተብሎ ቤቱ ሲጠየቅ፣ ከኋላ አንዱ «እግር» ቢል ሥርዓት እንዲይዝ ተነገረው። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰሞኑን በቴሌቪዥን የሩጫ ውድድር ተከታትያለሁ። አንደኛ የወጣው ሰውዬ መስመሩን እንዳለፈ ምን ያዘ? ሰማያዊ የስፖርት መጠጥ! መጨረሻ የወጣውስ ምን ያዘ? ወገቡን!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ምርምር ከአንድ ሶፋ ላይ ሆኖ መሥራት ለማንም የሚቻል አይደለም።

ለዚሁ ሥራ የተቀጠረው አሰልጣኝ፣ ገና አዲስ ስለሆነ ነው መሰል፣ እጁን አወጣ።

«ጌታዬ፣ ያ ሰውዬ እኮ ረጅም መንገድ ሮጦ፣ ላቡ ተንጠፍጥፎ ነው የጠጣው። ለሱ ይጠቅመዋል። የኛ ሰዎች ግን ግቢውን ዞረው ነው የሚመለሱት። ለዚህ ውሃ ይበቃል።»

«ውሃ?»

«አዎ፣ ውሃ።»

«ውሃማ ማንም ይጠጣል! ይህን ተቋም ከማንም ጋር ልታስተካክለው ነው?»

አሰልጣኙ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤው ላይ «አንድ የአመለካከት ክፍተት ታይቶ በማብራሪያ ተስተካክሏል» ተብሎ ሰፈረ። መጠጡ ተገዝቶ እስኪመጣም ማንም ሠራተኛ ለጤና ብሎ እንዳይንቀሳቀስ ተወሰነ፤ ያለ ግብዓት ተንቀሳቅሶ አንዱ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? ጋሼ ግን በዚያው ከሰዓት ግቢውን መዞር ጀምረው ኖሮ፣ ዘበኛው እየሮጠ ደርሶ «ጋሼ፣ ይመለሱ፤ ገና አልተፈቀደም» ብሎ መለሳቸው። ሲሮጥ ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም መመሪያ ጥሷል።

መጠጡ በስንት መከራ መጣ። ኮሪደሩ ላይ የነበረው የውሃ ማጣሪያም «የግብዓት ድግግሞሽ» ተብሎ ተነሳና ቦታው ላይ ሰማያዊ ጠርሙሶች ተደረደሩ። የንቅናቄው ማብሰሪያ ቀን፣ እኔው በጻፍኩት ንግግር ሥራ አስኪያጁ ደረታቸውን ነፍተው «ላባችን ክብራችን ነው! ክብራችንን ሳንተካ አናፈስም!» አሉ። ንግግሩ ረዘም ያለ ስለነበር ሠራተኛው ቆሞ ሲያዳምጥ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ጨለጠ። ጋሼ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና ወደ አሰልጣኙ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው። ምን አለበት ይላል?»

«ጋሼ፣ ይሄ ለርስዎ አይሆንም» አለ በሹክሹክታ። «ስኳር ነው።»

የሥራ አስኪያጁን ጆሮ ምን ያመልጠዋል! «ስኳር አይደለም! ኃይል ነው!» አሉ በድምፅ ማጉያው።

«ስኳር ይላል እኮ ጌታዬ፣ ተጽፏል» አለ አሰልጣኙ።

«ሰው ሲንቀሳቀስ ኃይል ይሆናል!»

«መቼ ነው ታዲያ የምንንቀሳቀሰው?» አሉ ጋሼ።

«ከንግግሩ በኋላ!»

ከንግግሩ በኋላ የቀረን ጊዜ አንገት ለማዞር ብቻ የሚበቃ ሆነ። አንገት ማንቀሳቀስ ለኛ አዲስ አይደለም፤ ስብሰባ በመጣ ቁጥር ወደላይ ወደታች ስንነቀንቀው ነው የኖርነው። ወደ ጎን ማዞር ግን አቃተን። አሰልጣኙ «ቀስ በቀስ ይለምዳል» ብሎ አጽናናን።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ስኬታችን በምን ይለካ የሚለው ነበር። ይህንን የፈቱት የዕቅድ ክፍል ኃላፊዋ ናቸው። የማይለካ ነገር ስለማይወዱ ወይዘሮ አመላካች እንላቸዋለን። «ላብ ይተናል፤ እርምጃ ፋይል ውስጥ አይገባም» አሉ። «ባዶ ጠርሙስ ግን አይተንም። የጠጣ ሰው ሠርቷል ማለት ነው፤ ባይሠራ ለምን ይጠጣል?» ምን ይወጣለታል! የየክፍሉ ብርታት ከዚያ ወዲህ በባዶ ጠርሙስ ተለካ።

ውጤቱ ከታሰበው በላይ ሆነ። ሠራተኛው ግቢ መውረዱን እርግፍ አድርጎ ትቶ ጠረጴዛው ላይ እየጠጣ ስፖርቱን ቀጠለ። ሂሳብ ክፍል ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል ፈርጣማው ክፍል ተብሎ ዋንጫ ተሸለመ፤ ዋንጫውን ለመቀበል ደረጃ የሚወጣ ሰው ጠፍቶ ዋንጫው ራሱ ወረደላቸው። የስንቱ ሱሪ ቁልፍ እጁን ሰጠ። እኔም ቀበቶዬን ለቀቅ አድርጌ «የሠራተኛው አቅም በከፍተኛ ደረጃ ጎለበተ» ብዬ ዜና ሠራሁ። ውሸት ነው የሚል ካለ ሆዴን መጥቶ ይይ።

ወደ ኋላ የቀረው መዝገብ ቤት ብቻ ነው። ጋሼ በወቀሳ መቆሚያ መቀመጫ ሲያጡ፣ ድርሻቸውን መስኮቱ ላይ ላለችው አበባ ማጠጣት ጀመሩ። ባዶ ጠርሙሳቸው ተደርድሮ ለጥቂት ቀን ተመሰገኑ። ጉንዳን ግን ለምስጢር አይሆንም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ለማኅተም ብቅ ሲሉ፣ ጥቁር ሰልፍ ከበሩ ሥር ተነስቶ፣ በፋይሎቹ ላይ ተሻግሮ አበባዋ ላይ ይወጣል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጉንዳን ነው ጌታዬ።»

«ጉንዳን መሆኑማ አልጠፋኝም! ማን ጠራው?»

ጋሼ አበባዋን በጀርባቸው ከለሏት። ጥፋታቸው «የተቋሙን ኃይል ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ መስጠት» ተባለ። ለእውነት ለመመስከር ያህል፣ በንቅናቄው ዘመን ከጠዋት እስከ ማታ ሲንቀሳቀሱ የታዩት እነዚያ ጉንዳኖች ብቻ ናቸው። ሽልማት ግን አላገኙም።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አመላካች በየቀኑ መዝገብ ቤት እየመጡ ዓይናቸው እያየ ያስጠጧቸው ጀመር።

«እስከ ታች ጋሼ፣ እስከ ታች!»

«ልጄ፣ እህቴ በዚሁ ነገር ነው ዓይኗ...»

«ጋሼ፣ ይገባኛል። ግን የርስዎ ጠርሙስ አለመጉደል ነው ክፍሉን ሰንጠረዡ ላይ ቀይ ያደረገው።»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ። እዚህ ላይ ማድነቅ አቃተኝ፤ እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በሉት። ግን ሥራ ነውና ፎቶ አነሳኋቸው። «አንጋፋው ስፖርተኛ» አልኩት ከሥሩ።

ብዙም ሳይቆይ፣ አሰልጣኙ ግቢ መውረድ ያልተውነውን ጥቂቶች ሰብስቦ አንገት ሲያዞረን፣ ጋሼ ዞሮባቸው ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ ደማቸውን አይቶ «ስኳርዎ ደጃፉን አልፎ ሳሎን ገብቷል» አላቸው። «አንድ ዕድል ልስጥዎት። በየቀኑ ላብ ጠብ እስኪልዎት ይሂዱ፣ ጣፋጭ በዞረበት አይዙሩ። ያለዚያ መርፌው እዚህ አለ።»

መሥሪያ ቤታችንም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በዚያው ቀን አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ።

«ሲወድቁ ምን እያደረጉ ነበር?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«አንገታቸውን እያዞሩ ነበር» አለ አሰልጣኙ።

«እየጠጡ አልነበረም?»

«አልነበረም፣ ግን...»

«በቃ! ችግሩ ስፖርቱ ነው!»

እንደገና ተጨበጨበ። የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ለሠራተኛው ጤና ጠንቅ ሆኖ ስለተገኘ ላልተወሰነ ጊዜ እንዲታገድ፣ ግቢ ውስጥ ዞር ዞር ማለትም እንዲከለከል፣ የስፖርት መጠጡ ግን ተጠናክሮ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እገዳው ተተየበ፣ ተፈረመ፤ ማኅተም ብቻ ቀረው።

ወይዘሮ አመላካች ወረቀቱን ይዘው መዝገብ ቤት ቢገቡ ወንበሩ ባዶ ነው። በመስኮት ሲያዩ ጋሼ፣ ማኅተሙ ደረታቸው ላይ እየተወዛወዘ፣ ግቢውን ይዞራሉ።

«ጋሼ፣ ይቁሙ እንጂ! ስፖርት ታግዷል!»

«መች ታገደና? አላተምኩበትም እኮ።»

«ይኸው አምጥቼዋለሁ፣ ይምቱበት!»

«ቆሜ ነዋ የምመታው። ሐኪሙ ደግሞ አይቁሙ ብሎኛል።»

ወይዘሮ አመላካች ጉድ ጉድ እያሉ ሥራ አስኪያጁን ጠርተው መጡ።

«ጋሼ፣ ማኅተሙን ወዲህ ይበሉ!»

«በርስዎ መመሪያ ለአፍታም ከኔ አይለይም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ቢሮዎ ይግቡ!»

«ላቤ ጠብ ሲል እገባለሁ።»

መመሪያውን ያወጡት ራሳቸው ናቸውና ምን ይበሉ? ተከተሏቸው። ወይዘሮ አመላካችም ተከተሉ። ሂሳብ ክፍል ደመወዝ የሚወጣበትን ወረቀት ይዞ መጣ፤ ያለ ማኅተም ደመወዝ የለምና ዋንጫው ራሱ የወረደላቸው ሰዎች ደረጃውን እየዘለሉ ወረዱ። ፈቃድ የጠየቀ፣ ዝውውር የጠየቀ፣ ወረቀት ያለው ሁሉ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ከፊት ጋሼ፣ ከኋላ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ግቢውን ደጋግመን ዞርነው። ኮት ወለቀ፣ ከረባት ላላ፣ ላብ በጀርባችን ወረደ። አሰልጣኙ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ፊሽካውን ሊነፋ ከንፈሩ ላይ ያደርገዋል፤ ሳቁ አላስነፋው አለ።

በመጨረሻ የጋሼ ግንባር ላይ አንዲት ጠብታ ወረደች። ቆሙ። ሥራ አስኪያጁም ከኋላቸው ቆሙ፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ፣ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ወገባቸውን ይዘው። ጋሼ የእገዳውን ወረቀት የሥራ አስኪያጁ ጀርባ ላይ ዘረጉና ጧ አደረጉበት። ስፖርት በይፋ ታገደ።

ወይዘሮ አመላካች ሰማያዊውን ጠርሙስ ከፍተው እያለከለኩ ደረሱ። «ጌታዬ፣ ላብዎን ይተኩ!»

«ወዲያ አርጊልኝ! ውሃ! ውሃ ስጡኝ!»

ውሃ ከየት ይምጣ? ማጣሪያው ድግግሞሽ ተብሎ ተነስቷል። ጋሼ ከኮት ኪሳቸው አንዲት ጠርሙስ አወጡና ሰጧቸው።

«እንኩ ይጠጡ ጌታዬ። አይፍረዱብኝ እንጂ ይሄ ማንም የሚጠጣው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ እስከ ታች ጠጡ።

እገዳው እስከ ዛሬ የጸና ነው። ጋሼም ሕግ አክባሪ ሰው ስለሆኑ ስፖርት አይሠሩም፤ ከምሳ በኋላ ማኅተሙን ግቢ ውስጥ ያናፍሳሉ እንጂ። ወረቀት ያለን ሁሉ እንከተላቸዋለን። ሐኪሙ መርፌውን መልሶ መሳቢያው ውስጥ አስገብቶታል፤ የኔም ቀበቶ ወደ ጥንት ቀዳዳው ተመልሷል። እኔም «በስፖርት መጠጡ የተገኘ አመርቂ ውጤት» ብዬ ሰፊ ዜና ሠራሁ። ለዜናው የመረጥኩት ፎቶ፣ ሥራ አስኪያጁ ሰማያዊውን ጠርሙስ ይዘው ከጋሼ ጎን ሲራመዱ ያነሳኋቸውን ነው። ጠርሙሱን ከእጃቸው አይለዩትም፤ ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው ቧንቧ ሞልተውት ይመጣሉ።