የኒውዮርክ እናትና የቦዲቲዋ እናቴ

ስለ እናት ማውራት እናትን ሄዶ ከመጠየቅ እንደሚቀል አስተውላችኋል? ለወሬው መናኸሪያ ወርዶ መጋፋት የለም። እኔማ በዚህ ረገድ ሊቅ ነኝ ማለት እችላለሁ።

ሶዶ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ የድሮ ዘፈኖችን ታሪክ መቆፈር ደግሞ ሱሴ ነው። በቅርቡ የያዘኝ አንድ የይዲሽ የእናት ዘፈን ነበር። ይዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የቤታቸው ቋንቋ ነው። ባሕር ተሻግረው ኒውዮርክ የገቡት ልጆች እንግሊዝኛ ለመዱ፣ ሱፍ ለበሱ፤ እናት ግን ማዶ ቀረች። ታዲያ ቲያትር ቤት ገብተው ያ ዘፈን በቤታቸው ቋንቋ ሲዘፈን ስቅስቅ ብለው ያለቅሳሉ። ቋንቋውን የማይሰማው እንግዳ እንኳ አብሮ ያለቅሳል አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ሥራቸው! ስንቴ እንደታዘብኳቸው አትጠይቁኝ።

የእኔ እናት ቦዲቲ ናት፤ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል ወዲህ አልሄድኩም። ምን ላድርግ? የእናት ዘፈን እያጠናሁ ጊዜ ከየት ላምጣ?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአካባቢያችን ሬዲዮ ስለ ዘፈኑ እንዳወራ በቀጥታ ስርጭት አቀረበኝ። አማርኛዬን ካባ አልብሼ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ እናት ማለት እያልኩ ንግግሬ ሲሞቅ ድምፁን ያጠፋሁት ስልኬ ጠረጴዛው ላይ በራ። እናቴ ናት። ተወችው፤ ደግሞ ደወለች። ስድስት ጊዜ! እሷ እኮ ካልቸገራት የማትደውል ሴት ናት። ታመመች? ወደቀች? ላንሳው? ሕዝብ እየሰማ? ስለ እናት እያወራሁ የእናቴን ስልክ ሳላነሳ ቀረሁ። ላብ አጠመቀኝ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ጋዜጠኛዋ የዘፈኑ ነገር ያባባኝ መስሏት እንባዋን ጠረገች።

እንደወጣሁ ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። አለቀልኝ! በባጃጅ ወደ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ቦዲቲ። ሾፌሩ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር፣ የዛሬን ብቻ አትርፍልኝ እንጂ በየሳምንቱ እመጣለሁ እያልኩ ለፈጣሪ ተሳልኩ።

ስደርስ እናቴ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ቦሎቄ ትለቅማለች። ደህና ናት! አቅፌያት ምን ሆነሽ ነው አልኳት። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው አለች። የደወለችውስ? ሬዲዮ እንድከፍት ልትነግረኝ ኖሯል! ከመሀል ስለከፈተችው የተናጋሪውን ስም አልሰማችም፤ እኔን ደግሞ በወላይትኛ እንጂ በእንዲያ ያለ አማርኛ ሰምታኝ አታውቅም።

አንድ የተባረከ ልጅ ስለ እናት ሲናገር ድምፁ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር አለችኝ፤ የወለደችው እንዴት ታድላለች፣ አንተም ሰምተህ ትንሽ ብትማርበት ብዬ ነው እኮ።