ሰርጓጅ መርከብ በወሎ ሰፈር

ጠርጣሪ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝና ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባለሁ። የለም! ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጠርጣሪ ግን አይጠፋም። እናንተም ሰፈር አለ። መጋረጃውን በሁለት ጣቱ ገለጥ አድርጎ፣ ሽንኩርት ይዛችሁ ስትገቡ «ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» የሚለው። ቆጣሪ አንባቢውን መታወቂያ ጠይቆ፣ መታወቂያው ሲሰጠው ደግሞ «ፎቶው አንተን አይመስልም» የሚለው። አዎ፣ እሱ ሰውዬ። የኛው ግን ይለያሉ። የኛው የባሕር ኃይል ናቸው።

ክቡር ካፒቴን ወልደጻድቅ (ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም አልመለሱትም) ቦሌ ሚካኤል፣ ከኔ ጋር አጥር ተጋርተው ይኖራሉ። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ተቀጥረው፣ ለሥልጠና ባሕር ማዶ ተልከው፣ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ገብተዋል። ሥራቸው ማዳመጫ ጆሮ ላይ ደፍቶ ከውሃው ውስጥ የሚመጣውን ድምፅ መለየት ነበር። ማዳመጫውን እስከ ዛሬ ያወለቁት አይመስለኝም። ከአጥራቸው በላይ ብቅ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ አለ፤ ላይና ታቹ መስታወት ተገጥሞለታል። የውሃ ቧንቧ መስሎኝ አስፋልቱ ላይ ቆሜ ሳየው፣ ቱቦው ዞር ብሎ አየኝ። ፔሪስኮፕ ነው፤ ሰርጓጅ መርከብ ከውሃው ሥር ሆኖ ላዩን የሚያይበት።

ደግሞ ታሪካቸው! ሰፈሩ ውስጥ ያልሰማው ሰው የለም።

«ጦርነት ነው» ብለው ይጀምራሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከባሕሩ ሥር ነን። ሞተር ጠፍቷል። የሚያስነጥስ ሰው የለም። እኔ እሰማለሁ… ቹክ፣ ቹክ፣ ቹክ። የጠላት መርከቦች አጀብ! መሀል ላይ ጭነት የያዙት፣ ዳርና ዳር ጠባቂዎቹ። እንደ ጥላ ተከተልናቸው። አዛዡ ፔሪስኮፑን ከፍ አደረገ። አንደኛው ቶርፔዶ ተተኮሰ! ሁለተኛው ተተኮሰ!»

እዚህ ላይ ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

«ከዚያስ ካፒቴን?»

«ከዚያማ ወታደራዊ ምስጢር ነው።»

መርከቦቹ እንደ አድማጩ ብዛት ይጨምራሉ። ቤት ሙሉ እንግዳ ካለ ባሕሩ መርከብ መያዣ ያጣል። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ «የትኛው ጦርነት ነው ግን?» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «አንተ ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸውም እኔን ይጠረጥሩኛል፣ እኔም እሳቸውን እጠረጥራቸዋለሁ። በሰላም እንኖራለን።

እንዲህ እንዳለን አንድዬ ልጃቸው ናኦሚ ጉቱን ይዛ መጣች። ጉቱ የቦሌ ለሚ ልጅ ነው። ወላጆቹ እዚያው አርሰው የኖሩ ናቸው፤ እሱ አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት ማሽን ይጠግናል። ረጋ ያለ፣ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ልጅ። እንግድነቱ እንዳበቃ ካፒቴን በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ድምፅ የለውም» አሉኝ። «ይህን ሁሉ ሰዓት ተቀምጦ አንዴ ‹እሺ› አለ፣ አንዴ ‹እግዜር ይስጥልኝ› አለ። በቃ! ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ነገር ምንድን ነው?»

«ጨዋ?»

«ሰርጓጅ!»

ጉቱ የላካቸውን ሽማግሌዎች ካፒቴን «አስብበታለሁ» እያሉ አመላለሷቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺአረግ ቀኑን ቆርጠው ድንኳን አስተከሉ። ናኦሚ ግን ለአባቷ ቁርጡን ነገረቻቸው። «አባዬ፣ ካልመረቅከኝ ከዚህ በር አልወጣም። ሙሽራው ይምጣ፣ ድግሱ ይደገስ፣ አልወጣም።» ካፒቴንም፣ «በዕለቱ ፊቱን አይቼ እወስናለሁ» አሉ። እናት አለቀሱ። ጉቱ «እሺ» አለ። ይኸው፣ ድምፅ የለውም!

ደረሰ የጥር እሑድ። የሙሽሪት ወገን ሚዜዎቹን በር ላይ በዘፈን ይከለክላል፤ እነሱም ተለማምጠው ይገባሉ፤ ደንቡ ይሄ ነው። ካፒቴን ግን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ አበባ ሰክተው ወደኔ መጡ።

«በር ላይ መጠበቅ የፈሪ ነው። ጠላትን ባሕሩ ላይ ነው መግጠም! ሳይዘጋጅ፣ በድንገት፣ ፊቱን ማየት አለብኝ። ያቺን ቪትዝ መኪናህን አስነሳ።»

«ካፒቴን፣ ዛሬ እኮ ሰርግ ነው…»

«መስኮት ዝጋ!»

በጥር ፀሐይ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሬዲዮ ጠፍቶ፣ በሹክሹክታ እየተነጋገርን ወሎ ሰፈር ደረስን። ለምን ወሎ ሰፈር? ከቦሌ ለሚ ቦሌ ሚካኤል የሚያመጣ ቀጥተኛ መንገድ አለ አይደል? ካፒቴን ይህን ስጠይቃቸው አዘኑልኝ። «ጠላት በቀጥታ አይመጣም። ዞሮ፣ በቦሌ መንገድ ቪዲዮ ተነሥቶ፣ ከኋላችን ነው የሚመጣው።» ለዚህም እዚያው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት ጎማ የሚጠግነውን ሙኽታርን ቃኚ አድርገው ሾመውታል። የካፒቴን ስልክ ጮኸ።

«ጋሼ፣ አጀብ መጣ!»

«ዓይነቱን ተናገር!»

«ነጭ ላንድክሩዘር ከፊት፣ አበባ ያለበት። ሻንጣው ተከፍቶ ቪዲዮ የሚያነሣ ልጅ የተቀመጠበት መኪና አለ። ከኋላው ብዙ ናቸው፣ ጥሩምባ በጥሩምባ።»

«እሱ ነው!»

እስቲ ይታያችሁ፤ በጥር እሑድ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከዚህ የተለየ አጀብ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ጠጋ በል» አሉኝ። ጠጋ አልኩ። «ጥላ ሁን።» ሆንኩ። ማዞሪያው ጋ፣ «አሁን!» ብለው ሲጮኹ እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጥምዝ አድርጌ ከላንድክሩዘሩ ፊት ድቅን! የመኪናው ሰልፍ ሁሉ ፍሬኑን ያዘ። ካፒቴን ወርደው እጃቸውን ከፍ አድርገው ወደ መስኮቱ ሄዱ። መስታወቱ ወረደ። ሙሽራው ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጺማም ነው። አጠገቡም ሙሽሪት በቬሎ ተቀምጣለች፣ ናኦሚ ያልሆነች።

«አባባ፣ ምን ልታዘዝ?» አላቸው ሚዜው።

ካፒቴን እጃቸውን አወረዱ። «ልጄን ፈልጌ ነበር…»

«እኛ የያዝናት ከነአባቷ ፈቃድ ነው፣ አባባ!» መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ቪዲዮ አንሺው ደግሞ እየሮጠ መጥቶ፣ «አባባ፣ ወደዚህ ይዩማ! ፈገግ!» ካፒቴን ፈገግ አሉ። ይኸው በማያውቁት ሰው የሰርግ ቪዲዮ ውስጥ ለልጅ ልጅ ሊታዩ ነው።

ቪትዟ ውስጥ ገብተው ሳይቀመጡ ወይዘሮ የሺአረግ ደወሉ፤ ድምፃቸው ያለ ስፒከር ይሰማል። «አንተ ሰውዬ የት ነህ? ሙሽራው ከመጣ ቆየ እኮ!»

መስኮቱን ራሳቸው ከፈቱ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ልንገርህ?» አሉኝ። «ያኔም የወገን መርከቦች ነበሩ። ልምምድ ነበር። ቶርፔዶውም ፈንጂ የለበት፤ ከመርከቦቹ ሥር አልፎ ሄደ። ማታ ወደቡ ላይ ከመርከበኞቹ ጋር ራት በላን።»

ወታደራዊ ምስጢሩ ይሄ ነበር! መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

በሩ ጋ ስንደርስ ማን ቆሟል? ጉቱ። ሚዜዎቹ አጥር ተደግፈዋል፣ የዘፋኞቹ ጉሮሮ ተዘግቷል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እሱ ግን ከደጅ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

«ግባ ብንለው እምቢ አለ!» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ። «‹አባባ ሳይከለክሉኝ አልገባም› ብሎ ገተረን።»

ካፒቴን ፊት ለፊቱ ቆሙ። «በየት መጣህ?»

«በቀጥታ፣ አባባ።»

«ጥሩምባ ሳትነፋ?»

«ፈርቼ ነው» አለ ጉቱ፣ ላቡን እየጠረገ። «እንዳይሰሙኝ።»

ካፒቴን አልፈውት ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት። ከዚያ ብቻቸውን፣ በጎረነነ ድምፅ፣ «አላስገባም!» አሉ። ሴቶቹ እልል ብለው ዘፈኑን ተቀበሏቸው። በዚህ መሀል ከአጥሩ በላይ ያለው ቱቦ ዞረ፤ ጉቱ ላይ ቆመ፤ ቆየ። ጉቱም ክራቫቱን አስተካክሎ ለቱቦው እጅ ነሣ።

በሩ ተከፈተ። «ፊቱን አየሁት» አሉ ካፒቴን፤ ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ሲስሙም ሁለቱንም አንድ ላይ አቅፈው ሲመርቁ፣ ምርቃቱ ረጅም ስለነበር ሚዜዎቹ ተቀመጡ።

ናኦሚ ከሄደች ወዲህ ግን አንድ ነገር አጠራጠረኝ። ቱቦው መዞር ተወ። ሰላም ስላቸው «ደህና» ብቻ። ድምፅ የለም! ስለዚህ አሁን ከሥራ ስመለስ በጥቁር ፌስታል የድሮ ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በብብቴ ሸጉጬ፣ ግራ ቀኝ እያየሁ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እሄዳለሁ። ቱቦው ቀስ ብሎ ይዞራል።

«አንተ! ምንድን ነው እሱ?»

«ወታደራዊ ምስጢር ነው ካፒቴን» እላቸዋለሁ፣ እግሬን እያፈጠንኩ።