የምድር ባለውለታ

(ከልብስ ንጽሕና ቤት ጀርባ ያለ ጠባብ ግቢ። መሐሉ ላይ ቅርንጫፏን የዘረጋች የኮክ ዛፍ። ከዛፏ እስከ ጓዳው መስኮት ድረስ ሰማያዊ ገመድ ተወጥሮ ሸሚዞች ተሰጥተውበታል። በመስኮቱ በኩል የማሽን ጩኸትና ትኩስ አየር ይወጣል፤ ሸሚዞቹ እጅጌያቸውን እያወናጨፉ የሚጨፍሩ ይመስላሉ። ልብስ አጣቢው ያሰጣል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ሰፈሩ «ሊቁ» የሚለው፣ በሙሉ ልብስ ተሽቀርቅሮ ከዛፏ ሥር ቆሟል። ከአንድ ካልሲ የሚንጠባጠብ ውኃ አናቱ ላይ ያርፋል።)

ሊቁ፦ አንሣው ብዬሃለሁ!

አጣቢው፦ ጋሼ፣ ካልሲ እኮ ነው።

ሊቁ፦ ካልሲ መሆኑ መች ጠፋኝ! የቀኝ እግር መሆኑን ሁሉ አውቃለሁ።

አጣቢው፦ የግራ ነው።

ሊቁ፦ ከእኔ ጋር አትከራከር!

አጣቢው፦ ባለቤቱ የሚያልበው ግራ እግሩን ብቻ ነው፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የማጥበው።

ሊቁ፦ (ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ) ስማ፣ ዛሬ ቀኑ ሌላ ነው። ይልቅ ስልኩን ያዝና ፎቶ አንሣኝ። ዛፏ ከነቅርንጫፏ ትግባ። እኔ ደግሞ እጄን ግንዷ ላይ አሳርፌ በሐሳብ ወደ ሩቅ እመለከታለሁ።

አጣቢው፦ የቷ ዛፍ? ይቺ ዛሬ ላስቆርጣት ነው ያሏት?

ሊቁ፦ እሷው። ቆራጩ መጥረቢያውን ይዞ ከመድረሱ በፊት ፍጠን።

አጣቢው፦ (ስልኩን እንደ ትኩስ ካውያ በሁለት ጣቱ ይዞ) አልገባኝም። ከምትቆረጥ ዛፍ ጋር መነሣት ለመታሰቢያ ነው?

ሊቁ፦ ለሽልማት ነዋ! ጠዋት በስልኬ የመጣውን አላነበብኩልህም? (ያነብባል) «በአረንጓዴ ሳንቲም ማኅበራችን ውስጥ ካሉት አባላት ሁሉ፣ በዚህ ወር ምድርን ቅንጣት ታህል ያልጎዱት የእርስዎ ማሽኖች ብቻ ናቸው። የወሩ የምድር ባለውለታ ተብለዋል። ከሚንከባከቡት ዛፍ ጋር የተነሡትን ፎቶግራፍ ይላኩልን። ነገ በአዳራሹ ንግግር ያደርጋሉ።» ከሁሉም አባላት እኔ! ሰማህ?

አጣቢው፦ እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። እና የሚንከባከቡት ዛፍ የትኛው ነው?

ሊቁ፦ (ግንዷን መታ መታ እያደረገ) ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ይቺው!

አጣቢው፦ ጋሼ፣ እናትዎ እማማ ይቺን ሲተክሏት ውኃ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። እርስዎ የዚያን ዕለት አልነበሩም።

ሊቁ፦ ስለ ዛፍ ጥቅም ንግግር ላደርግ ሄጄ ነበር! አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይገኝም።

(አጣቢው የመጨረሻዋን ሸሚዝ እያሰጣ በለሆሳስ ያዜማል።)

አጣቢው፦
«ቅጠልሽ ጥላዬ፣ ግንድሽ መደገፊያ፣
የሰው ልብስ ማስጫዬ፣ የወፍ ልጅ ማደሪያ።»

ሊቁ፦ ይኸው ጀመረህ! ሳይንስ ሲነገርህ ዘፈን። የዛፏ ቅርንጫፍ የጓዳውን መስኮት ጋርዶ የኮምፒውተር ማሽኖቼን አፍኗቸዋል። በር የሚያክል ማራገቢያ ላስገባ ነው። ስለዚህ ትነሣለች፤ አለቀ።

አጣቢው፦ ጥላዋ እኮ ነው ጓዳውን ያቀዘቀዘው። ጥላዋን ቆርጠው ማራገቢያ ያስገባሉ። ማራገቢያው ደግሞ መብራት ይበላል።

ሊቁ፦ ይብላ! በምትኳ ማኅበሩ ኮምፒውተር ውስጥ ዛፍ ይተክልልኛል።

አጣቢው፦ ኮምፒውተር ውስጥ?

ሊቁ፦ በሥዕል። ቅጠል አታረግፍ፣ ውኃ አትጠይቅ።

አጣቢው፦ ልብስስ ይሰጣባታል?

ሊቁ፦ (ሰማይ ሰማይ እያየ) ከማን ጋር ነው የዋልኩት! አንተ ከገመድና ከሳሙና አልፈህ አስበህ ታውቃለህ? ያንተ ካውያ ምድርን ምን እያደረጋት እንደሆነ ታውቃለህ? እያነደዳት ነው! የሰፈሩ አምፖል ሁሉ የሚፈዘው በማን ይመስልሃል?

አጣቢው፦ (አንገቱን ደፍቶ) በእኔ ካውያ ነው ሲሉኝ አምኜ ጎረቤቱን ሁሉ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ዳቦ ጋጋሪዋ አሁንም ታኮርፈኛለች። ያ ደግሞ ጸጉር አስተካካዩ ጋ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ መብራት የሄደበት ሰውዬ፣ ባየኝ ቁጥር ኮፍያውን ያወልቅና ዝም ብሎ ያሳየኛል።

ሊቁ፦ ይበልህ!

አጣቢው፦ ግን ጋሼ፣ ካውያዬን ሰውዬው ከተላጨበት ቀን ጀምሮ ነቅዬዋለሁ። በከሰሉ ነው የምተኩሰው። አምፖሉ ግን እንደፈዘዘ ነው።

ሊቁ፦ (ያስላል) እ... ጉዳቱ ይቆያል። ሳይንስ ነው። አሁን ፎቶውን አንሣ!

አጣቢው፦ ላንሣ። (ስልኩን ያነጣጥርና መልሶ ያወርዳል) አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እነዚህ ጓዳ ያሉት ማሽኖች ምንድን ነው ሥራቸው?

ሊቁ፦ ስንቴ ልንገርህ! ቀን ከሌት ሒሳብ ይሠራሉ።

አጣቢው፦ የማንን ሒሳብ?

ሊቁ፦ የማንንም አይደለም።

አጣቢው፦ መልሱን የሚፈልገው ማን ነው?

ሊቁ፦ ማንም።

አጣቢው፦ ታዲያ ለምን ይለፋሉ?

ሊቁ፦ ቀድሞ የደረሰበት ዲጂታል ሳንቲም ያገኛላ!

አጣቢው፦ ሳንቲሙስ የት ነው ያለው?

ሊቁ፦ የትም! የማይታይ፣ የማይዳሰስ። ጥበቡ እሱ ላይ ነው።

አጣቢው፦ ስለዚህ ማንም የማይፈልገውን መልስ ፈልገው፣ የትም የሌለ ሳንቲም ያገኛሉ። የሚዳሰሰው ሙቀቱ ብቻ ነው ማለት ነው?

ሊቁ፦ ሙቀቱ ተረፈ ምርት ነው። ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

አጣቢው፦ ሸሚዞቼ ግን በሱ ነው የሚደርቁት። ይህን ሁሉ ዝናብ ዘንቦ አንድ ደንበኛ አላጉረመረመብኝም። ሳንቲሙን አይተውት ያውቃሉ?

ሊቁ፦ በየቀኑ ከፍቶ የሚያይ ፈሪ ነው! እኔ ክረምቱ እስኪወጣ ቆልፌ ትቼዋለሁ። እምነት ይባላል።

አጣቢው፦ መብራቶቻቸውስ? ክረምቱ ሲገባ አረንጓዴ የነበሩት ሁሉ ቀይ ሆነዋል ብዬዎት ነበር። አሟቸው ይሆን?

ሊቁ፦ መልስ ሰጥቼሃለሁ። ቀይ ትጋት ነው! አንተ እንጨት ስትፈልጥ ፊትህ አይቀላም?

አጣቢው፦ ይቀላል።

ሊቁ፦ እንግዲያው። (ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል) ይልቅ የነገውን ንግግር ስማ። «ውድ የምድር ልጆች ሆይ! እያንዳንዷ ቅጠል እናታችን ናት...»

አጣቢው፦ ሲያምር! እርስዎ ነዎት የጻፉት?

ሊቁ፦ በስልኬ ኮምፒውተር አዝዤ ነው ያጻፍኩት። ጠየቅኩት፣ ዐይን ጨፍነህ ሳትገልጥ ጻፈው። ይህን ስትሰማ ደግሞ ትደነግጣለህ፤ እዚያ ሩቅ አገር ሆነው የሚጽፉት ትልልቆቹ ማሽኖች ለማቀዝቀዣ ብለው ውኃ በበርሜል ይጠጣሉ።

አጣቢው፦ ለዚህች ወረቀት ውኃ ጠጡ?

ሊቁ፦ አምስቴ ነው ያጻፍኩት። ስለ ቅጠል የሚለውን አርዝምልኝ እያልኩ።

አጣቢው፦ (በሐዘን) እኔ በዚያ ውኃ ቢያንስ ሸሚዝ አጥብበት ነበር።

(የግቢው በር ይንኳኳል። በበሩ ሽንቁር የመጥረቢያ ስለት ብልጭ ይላል።)

ሊቁ፦ ቆራጩ ደረሰ! በል ሸሚዞቹን አንሣ፣ ይህን ገመድም ፍታው። የተከበረ ፎቶ ውስጥ ካልሲ አይገባም። አንሥተኸኝ ስታበቃ ይጣላት።

(አጣቢው ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ትከሻው ላይ ይደርባል። ከዛፏ ግንድ ጋር ሲደርስ ቋጠሮውን ይዞ ይቆማል። አንዲት ቅጠል ወርዳ እጁ ላይ ታርፋለች።)

አጣቢው፦
«እጥበቱ ሳይደርቅ፣ ሳይደርቅ እንባዬ፣
ሊጥሉሽ ነው አሉ፣ የግቢው ጥላዬ።»

ሊቁ፦ አንተ ሰውዬ፣ ገመዱን ፍታ!

(አጣቢው ይፈታል። የገመዱ ጫፍ ተወርውሮ ሊቁ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ሊቁ አንሥቶ ሊጥለው ሲል ጫፉ ላይ ያለችውን ግልጽ የፕላስቲክ መሰኪያ ያያል። ፊቱ ይለዋወጣል።)

ሊቁ፦ ይህ... ይህ ገመድ ከየት መጣ?

አጣቢው፦ ከጓዳ ነዋ። እርስዎ ነዎት የፈቀዱልኝ።

ሊቁ፦ እኔ? መቼ?

አጣቢው፦ ክረምቱ የገባ ዕለት። የድሮው ገመድ ተበጥሶብኝ ገመድ ይኖርዎታል ብዬ መጣሁ። እርስዎ ስለ ምድር ሙቀት ቪዲዮ እያዩ ነበር። ቀና እንኳ ሳይሉ «ጓዳ ያገኘኸውን ውሰድ፣ አትረብሸኝ፣ ምድር እየነደደች ነው» አሉኝ።

ሊቁ፦ (ድምፁ እየቀጠነ) ስታገኘው ተሰክቶ ነበር?

አጣቢው፦ በአንድ በኩል ግድግዳው ላይ ካለችው ትንሽ ሳጥን፣ በሌላው ከማሽኖቹ። ሁለቱንም ነቀልኳቸው። ቀጭ አሉ።

ሊቁ፦ ከዚያስ?

አጣቢው፦ ከዚያማ መብራቶቹ ቀሉ። ሮጬ መጥቼ ነገርኩዎት። ትጋት ነው አሉኝ።

(ሊቁ ከኮክ ዛፏ ሥር ቁጢጥ ይላል። ሙሉ ልብሱ ጭቃ ይነካዋል፤ ልብ አይልም።)

ሊቁ፦ የኢንተርኔቱ ገመድ ነው! ማሽኖቹ ሥራቸውን ለዓለም የሚያስረክቡበት! ካልሲ አሰጣህበት!

አጣቢው፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ሒሳቡን ለማን ሲሠሩ ነበር?

ሊቁ፦ ለማንም! አሮጌ ናቸው፤ ሲቋረጥባቸው ማቆም አያውቁም። ያንኑ አንድ ሒሳብ እየደገሙ፣ እየደጋገሙ... ክረምቱን ሙሉ!

አጣቢው፦ ሳንቲሙስ?

ሊቁ፦ የለም! የትም የለም!

አጣቢው፦ ድሮም የትም የለም ብለውኝ ነበር እኮ። አሁን ምን ተለወጠ?

(በሩ እንደገና ይንኳኳል።)

አጣቢው፦ ሽልማቱስ፣ ጋሼ? እሱስ ከየት መጣ?

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) ማኅበሩ የማሽኖቹን ጉዳት የሚለካው በዚሁ ገመድ በኩል ነው። ገመድ ከሌለ የሚታያቸው ነገር የለም።

አጣቢው፦ እንግዲህ ከአባላቱ ሁሉ ለምድር የበጁት ገመድዎ ስለተነቀለ ነው?

ሊቁ፦ ቀስ በል! ሰው ይሰማል።

አጣቢው፦ ታዲያ የሁሉንም ለምን አይነቅሉትም?

ሊቁ፦ (ብድግ ብሎ ገመዱን ይነጥቀዋል) አምጣ! አሁኑኑ መልሼ እሰካዋለሁ!

አጣቢው፦ ይስኩት። ጓዳው ክፍት ነው።

(ሊቁ ወደ ጓዳው ይሮጣል፤ ደፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል።)

ሊቁ፦ ከሰካሁት ግን... ማኅበሩ ዛሬውኑ ይለካል።

አጣቢው፦ ይለካል።

ሊቁ፦ ነገ አዳራሹ ውስጥ... ሰፈሩን ሁሉ ጠርቻለሁ። ዳቦ ጋጋሪዋን፣ ጸጉር አስተካካዩን...

አጣቢው፦ ያንን ግማሽ ራሱን የተላጨውንም?

ሊቁ፦ ከፊት ወንበር። (ገመዱን ይዞ አንዴ ወደ ጓዳው፣ አንዴ ወደ ዛፏ ያያል። ትከሻው ይወርዳል) እንካ። መልሰህ እሰረው።

አጣቢው፦ ከየት ጋ?

ሊቁ፦ ከዛፏ ጋ ነዋ! ጠበቅ አድርገህ! ማንም እንዳይፈታው! እነዚያን ከንቱዎችም አጥፋቸው።

አጣቢው፦ ማድረቂያዎቼን?

ሊቁ፦ አጥፋ ብዬሃለሁ!

(አጣቢው ጓዳ ገብቶ ያጠፋል። ጩኸቱ ሲበርድ ግቢው ጆሮውን የከፈተ ይመስላል። ቅጠሎች ይንሾካሾካሉ፤ ከቅርንጫፉ ውስጥ የወፍ ጫጩቶች ድምፅ ይመጣል፤ እነሱ ለካ እዚያው ነበሩ። በረንዳው ላይ ፈዞ የከረመው አምፖል ቦግ ይላል። ከአጥሩ ማዶ የጸጉር አስተካካዩ መላጫ ያለ ማቋረጥ ሲያጉረመርም ይሰማል።)

አጣቢው፦ (ወደ አምፖሉ እያየ) የካውያዬ ጉዳት አሁን ገና ለቀቀ መሰለኝ።

ሊቁ፦ (እንዳልሰማ ክራቫቱን ያስተካክላል) ይህን ሁሉ ዐውቄ ነው ያደረግኩት።

አጣቢው፦ እንዴታ። ለቆራጩ ምን ልበለው?

ሊቁ፦ (ደረቱን ነፍቶ፣ እስከ በሩ እንዲሰማ) ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው በለው! ሰው እንዴት የምድር ባለውለታ ደጅ ድረስ መጥረቢያ ይዞ ይመጣል? አያፍርም?

(አጣቢው በሩ ጋ ሄዶ ሹክ ይላል። ከውጭ ሳቅ፣ ከዚያም እየራቀ የሚሄድ ዳና። ተመልሶ ሸሚዞቹን ገመዱ ላይ ያሰጣል፤ ካልሲዋንም። ስልኩን ያነሣል። ሊቁ እጁን ግንዷ ላይ አሳርፎ ወደ ሩቅ ይመለከታል። ጠብታ አናቱ ላይ ያርፋል፤ አይነቃነቅም።)

ሊቁ፦ ጨርስ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?

አጣቢው፦ ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ ይበሉልኝ።

ሊቁ፦ ምነው፣ ዛፏን ጋረድኳት?

አጣቢው፦ ሸሚዞቹን ነው የጋረዱብኝ። ሽልማቱን ያገኙት እነሱ ናቸው።