ጋሽ ወጋየሁ እና የአመዴ ሽንት ቤት

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ ይጠፋል፤ መብራት ይጠፋል፤ የጥበቃ ሠራተኛም ሲፈለግ ይጠፋል። ሁሉን የሚያውቅ ጎረቤት ግን ጠፍቶ አያውቅም። ብሎኩ ተሠርቶ ቀለሙ ሳይደርቅ እሱ አንደኛ ገብቶ ይጠብቃችኋል። የመኪናችሁን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ሞተሩ ምን እንደነካው ይነግራችኋል፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን ኪኒን አገላብጦ አይቶ «ግማሹ ይበቃል» ይላችኋል።

ሀና ማርያም አካባቢ ባለ አንድ ብሎክ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ ወጋየሁ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ መጋዘኑን አስረከቡ እንጂ ኃላፊነቱን አላስረከቡም። «ይሄማ የታወቀ ነው!» ሳይሉ ሥራ አይጀምሩም። የውሃ ፓምፑ ሲበላሽ «ይሄማ የታወቀ ነው!» ብለው ፈቱትና ብሎኩ አራት ቀን በጀሪካን ኖረ። ሰርግ ሲመጣ አቋራጭ አሳያለሁ ብለው የሙሽራዋን መኪና መንገድ የሚቆፈርበት ሰፈር ወስደው ጭቃ ውስጥ ቀረቀሩት። በሙሉ ሱፍ ወርደው የገፉትም እሳቸው ናቸው፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

ከበራቸው ፊት ለፊት ትሩፋት ተከራይታ ትኖራለች። መካኒሳ አቦ አንድ ስፌት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ትውላለች። አብራት የነበረችው እህቷ አግብታ ከሄደች ወዲህ በሩን ስትከፍት የሚቀበላት አመዴ ብቻ ነው። አመዴ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ አመድማ ድመት ነው። ትወደዋለች፤ ሰው አይስማት እንጂ ውሎዋን አንድ በአንድ ትነግረዋለች።

ጣጣው የመጣው በአንድ እሁድ ነው። አከራይዋ እትዬ አምሳለ ከብስራተ ገብርኤል ድረስ ቤታቸውን ሊያዩ መጡና ምንጣፉ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ድመቱ ነው እትዬ። ድሮ ውጪ ነበር የሚወጣው፤ ውሻ ካስደነገጠው ወዲህ አልወርድም አለኝ።»

«የዛሬ ሳምንት ከቅዳሴ ስወጣ እመጣለሁ። ያኔ የድመት ሽንት ካገኘሁ ድመቱ ይወጣል። አይወጣም ካልሽ ደግሞ አብረሽው ትወጫለሽ!»

ትሩፋት እሳቸውን ሸኝታ ተመለሰች። ጋሽ ወጋየሁ በራቸው ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል፤ የብሎኩ ግድግዳ ከእሳቸው የሚደብቀው ነገር የለም።

«ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ይበጅለታ!» አሉ። «ይሄማ የታወቀ ነው! ለኔ ተዪው።»

እስቲ ማን ይከለክላቸዋል? ሰኞ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቀው፣ ሕንፃ ከሚሠራበት አሸዋ ለምነው ሞልተው መጡ። ጀሪካኑ ጠበበውና አመዴ ከፊቱ ገብቶ ኋላውን ደጅ አስቀረ። ሽንቱ ምንጣፉ ላይ ሲወርድ እሱ ግዴታውን እንደተወጣ ሰው አሸዋውን ይጭር ነበር።

ማክሰኞ «ድመት ይሉኝታ አለው፤ ገላጣ ቦታ አይቀመጥም» ብለው የቴሌቪዥን ካርቶን አመጡ። በር ቀደዱለት፤ ጣሪያ ሠሩለት። አመዴ ካርቶኑን ወደደው፤ ገብቶ ለጥ ብሎ ተኛበት። ሽንቱ ሲመጣ ግን ተነሥቶ ወደ ምንጣፉ ሄደ።

ረቡዕ ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ሰጋቱራ ነስንሰው አቀረቡ። አመዴ ጠርዙን አሸተተ፣ ገባ፣ ዞረ።  ሸናበት! ትሩፋት እልል ልትል ስትል ጋሽ ወጋየሁ እጃቸውን አነሡ።

«ገና ነው፤ አሁን ሽታውን መግደል ነው። በረኪና!»

ቁልፏ እሳቸው ጋ ነው፤ እሷ ሥራ ላይ ሳለች ውሃ ሲመጣ ጀሪካኗን የሚሞላላት ሌላ ማን አለ? ስለዚህ እሷ ስፌት ቤት ስትውል እሳቸው ሳፋውን በበረኪና፣ ወለሉን በበረኪና፣ ምንጣፉን በበረኪና ሲፈትጉ ዋሉ። ሐሙስ አመዴ ሳፋውን ትቶ ወለሉ ላይ ሸና። ዓርብ በሩ ሥርም፣ ምንጣፉም ላይ፣ አልጋው እግር ሥርም። ጋሽ ወጋየሁም በረኪናውን ጨመሩ።  ትሩፋት ስፌት ቤት እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ መልሳ ፈታችው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ድመት የሚወስድ ሰው ታውቂ እንደሆነ ብላ አጠገቧ የምትሰፋውን ልጅ ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና እንባዋ ቀደማት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ነበረች። ጋሽ ወጋየሁ የበሩን ሥር ወልውለው ዞር እንዳሉ አመዴ መጣ። እርጥቡን አሸተተ፤ ጉንጩን አሻሸበት፤ ጠላ እንደጠጣ ሰው ተንከባለለበት፤ ከዚያ ተነሥቶ ሸናበት። ትሩፋት ዓይኗን ማመን አቃታት። የበረኪናውን ጠርሙስ አንሥታ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ጠብ አደረገች። አመዴ ተከትሏት ገባና እዚያም ደገመው።

«ጋሽ ወጋየሁ! በረኪናው ነው! የሚጠራው በረኪናው ነው!»

«በረኪናማ ድመት ያባርራል፤ ይሄማ የታወ...»

«አይታወቅም!» ጮኸች። በሕይወቷ ትልቅ ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም። «በእመቤቴ ይተዉኝ! ነገ የምባረረው እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉ! ከእንግዲህ ቤቴን እንዳይነኩብኝ!»

ጋሽ ወጋየሁ ቁልፏን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። አዘነችላቸው፤ ንዴቷ ግን በለጠ። ወለሉን በሳሙና፣ ምንጣፉን በአቼቶ አጠበች። ሳፋውን በውሃ ብቻ ደጋግማ አለቅልቃ አዲስ ሰጋቱራ ሞላችበትና ከምግቡ ራቅ አድርጋ ጥግ አስቀመጠችው። እሁድ ጠዋት አመዴ ምንም እንዳልተፈጠረ ገብቶ ሸናበት።

እትዬ አምሳለ በአምስት ሰዓት መጡ፤ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ምንጣፉን ጎንበስ ብለው አሸተቱ። አልጋ ሥር አዩ። የቁም ሣጥኑን ጀርባ ሳይቀር አዩ። ትሩፋት አመዴን ደረቷ ላይ ለጥፋ በልቧ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ደረደረች።

«ደህና ነው» አሉ በመጨረሻ፣ የሚቆጡበት ነገር በማጣታቸው ቅር እያላቸው።

ትሩፋት በአንድ እጇ በሩን ከፈተችላቸው። የበረኪና ሽታ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ኮሪደሩ ከደረጃው እስከ በሯ ድረስ ርሷል፤ ጋሽ ወጋየሁም መወልወያቸውን እንደ ጦር አቁመው ይጠብቃሉ።

«ቤትሽን አልነካሁም» አሉ ፈጥነው። «ኮሪደሩ የጋራ ነው። ለእንግዳዋ ክብር ብዬ ነው።»

አመዴ ከእቅፏ ተወርውሮ ወረደ። ትሩፋት ጭራውን ልትይዝ ሞከረች፤ አመለጣት። እትዬ አምሳለ እግር ሥር ሄዶ ተንከባለለ፣ ተነሣ፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ሸና። የነጭ ቀሚሳቸው ጫፍ ቢጫ ሆነ።

«በስመ አብ! ከቅዳሴ የመጣሁበት ልብስ!» አሉ። «በቃ! ድመቱ ዛሬውኑ ይውጣ! አንቺም ዕቃሽን...»

ጋሽ ወጋየሁ ድመቱን አዩ። እርጥቡን አዩ። በእጃቸው የያዙትን መወልወያ አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ጎንበስ ብለው አመዴን አነሡት።

«ወይዘሮ አምሳለ፣ ልጅቷን አይቆጧት። ድመቱ የኔ ነው።»

«የእርስዎ? አሁን ከእሷ እቅፍ አይደል እንዴ የወረደው?»

«ጎረቤት ነን፤ ይገባል ይወጣል። እኔ ተከራይ አይደለሁም፤ ቤቱ በስሜ ነው። ከኔ ቤት ማንም አያስወጣውም። ቀሚስዎንም አሳጥብልዎታለሁ።»

እትዬ አምሳለ ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ። ውሸቱ አልጠፋቸውም፤ ግን ነጭ ፀጉር ያለውን ሰው ኮሪደር ላይ ዋሾ ማለት ከበዳቸው።

«እንግዲህ እኔ ቤት ውስጥ እንዳላየው!» ብለው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወረዱ።

ትሩፋት ልታመሰግናቸው አፏን ከፈተች።

«ዝም በይ ልጄ» አሉ ጋሽ ወጋየሁ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አላወቅሁም ነበር።»

በራቸውን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። ትሩፋት ሳፋውን ይዛ ተከተለቻቸው። እሳቸው መሀል ወለል ላይ፣ አመዴን ታቅፈው፣ ግራ ተጋብተው ቆሙ።

«የት ላድርግለት? አንቺ ንገሪኝ።»

ትሩፋት ቤቱን ዞራ አየች። ማብሰያው ጋ አይሆንም፤ በሩ ጋ ሁካታ አለ። ጸጥ ያለው ጥግ አንድ ብቻ ነው፤ መስኮቱ ሥር ያለው። እዚያ ደግሞ ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ወጪ ወራጁን የሚያዩበት ትልቁ ሶፋ ወንበር አለ።

«ጥሩው እዚያ ነበር» አለች እየፈራች። «ግን ወንበርዎ...»

ጋሽ ወጋየሁ አመዴን ወለሉ ላይ አስቀመጡና እጅጌያቸውን ሰብስበው ወንበሩን ይጎትቱ ጀመር። ትሩፋት ሳፋውን አስቀምጣ ሮጣ ሌላውን ጫፍ ያዘች። እኚህን ሰው እንደ አባቷ ነው የምትወዳቸው፤ ይህ የገባት ግን ያን ቀን ነው።

«ከላይ አይደለም የሚያዘው፤ ከሥሩ፣ ከሥሩ ያዢው!» አሉ እያለከለኩ።

ከላይ ቢያዝ ይቀል ነበር። እሷ ግን ከሥሩ ያዘችላቸው።